ለማይመጣው ጠበቃ የቀረበ ምስጋና

አገሩ ሁሉ ጠበቃ ያማል። እኔ ግን ላመሰግን ነው የተነሣሁት፤ በተለይ ከመተማ፣ ከቋራና ከምዕራብ አርማጭሆ ለሚመጡ ተከሳሾች «እኔ እቆማለሁ» ብሎ ቀብድ ተቀብሎ በቀጠሮ ቀን የሚሰወረውን።

እንዲህ ያለ ጨዋ ከየት ይገኛል? የክሱን ወረቀት አያነብም፤ የሰው ገመና ማገላበጥ አይወድማ። ማረሚያ ቤትም አይሄድም፤ እስረኛ ማስጨነቅ ነውር ነው። ሰሊጥ አጭዶ ሊያልፍለት ቆላ የወረደ ሳሉግ፣ መንገደኞችን ከመናኸሪያ ወደ ድንበር ሲመራ ተያዘና ሰውን በሕገወጥ መንገድ ድንበር ማሻገርን በሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 1178/2012 ተከሰሰ እንበል። እናቱ ከደጋ በሬያቸውን ሸጠው ይደርሳሉ። «እማማ፣ አይዞዎት፣ ጉዳዩ በእጄ ነው» ይላቸዋል ጠበቃው። በእጁ ያለው የበሬው ዋጋ ነው። እሳቸውም እጃቸውን ዘርግተው ይመርቁታል።

ቀጠሮው ይደርሳል። ገንዳ ውኃ ላይ ችሎቱ ተሰይሞ፣ ሙቀቱ ጣራውን እያንኳኳ፣ «ጠበቃህ የት አለ?» ሲባል ልጁ ወደ በሩ ዞር ይላል። ጠበቃው ጎንደር ነው። ጎንደር ሲፈለግ ባሕር ዳር ነው። ወይ ኔትወርክ የለም፣ ወይ መንገድ ተዘግቷል፣ ወይ ሐዘን ደርሶበታል። መቼም መንገዱ ሲዘጋ፣ ኔትወርኩም ሲጠፋ አይተናል፤ ማንም አይክድም። የሚደንቀው በቀጠሮ ቀን የተዘጋው መንገድ በክፍያ ቀን ወለል ብሎ መከፈቱ ነው። ልጁን ያሰማራው ዋናው ደላላ ግን ከድንበሩ ማዶ ገላባት ተቀምጦ ሻዩን ይጠጣል። እሱ የተያዘ ዕለት ጠበቃው ከዳኛው ቀድሞ ችሎት ይገባል፤ ያኔ መንገድ የሚባል ነገር አይዘጋም።

አንዳንዴ ግን ይመጣል። መፍራት ያኔ ነው። የቅጣት ማቅለያውን ሲያነብ «ተከሳሽ የአራት ልጆች አባትና የቤተሰብ አስተዳዳሪ በመሆናቸው» ይላል። ተከሳሹ ጢም ያላበቀለ ወንደላጤ ነው! ከሌላ መዝገብ ተገልብጦ ስሙ ብቻ ተቀይሯል። ሳያገባ ችሎት ገብቶ አራት ልጅ ታቅፎ መውጣት፣ ይህን ውለታ ማን ይረሳል?

ጠበቃ ለማቆም አቅም ያጣስ? የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 20 ፍትሕ እንዳይጓደልበት መንግሥት ጠበቃ ያቁምለት ይላል። ጠበቃው ፋይሉን ያንብብ ግን አላለም! በችሎት በር ላይ «ስምህ ማን ነበር?» ተብሎ የተጠየቀ ተከሳሽ መብቱ ተከብሮለታል፤ መዝገቡ ላይ «ከጠበቃው ጋር ቀርቧል» ተብሎ ተጽፏል። የመንግሥቱን ተከላካይ ጠበቃ ግን ብዙ አልሸሙጠውም፤ የመዝገብ ክምር ላዩ ላይ ተጭኖበት ነው። የበሬ ዋጋ የበላው ምን ተጭኖበት እንደሆነ እሱ ይንገረን።

ልጃችሁ የታሰረባችሁ ወላጆች ግን እኔን ተከትላችሁ አታመስግኑ። ውሉ በጽሑፍ ይሁን፤ ለከፈላችሁት ብር ደረሰኝ ያዙ፤ የክሱ ግልባጭ ከእጃችሁ አይጥፋ። ጠበቃው ሳያነጋግረው የቀረበ ልጅ ራሱ ተነሥቶ «አላነጋገረኝም፣ በመዝገብ ይያዝልኝ» ይበል። ከተፈረደበትም በ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ይግባኝ እንደሚል የሚያሳውቅበት ጊዜ 15 ቀን ነው። ጠበቃው ጎንደር ነው ተብሎ ቆጠራው አይቆምም።