የትናንቱ ሰውዬ፦ በአሮጌ ዕቃ ዋጋና በዕድር ምርጫ ላይ የተደረገ መጠነኛ ጥናት

አዲስ አበባ ውስጥ ያገለገለ ዕቃ ልግዛ ብሎ የወጣ ሁሉ አንድን ሰው በዝና ያውቀዋል። ዕቃውን ትናንት መጥቶ አይቶታል፤ ወዶታልም። አሁን ከሚጠየቀው ጥቂት ብቻ ዝቅ ያለ ገንዘብ በጥሬው ቆጥሮ አቅርቦ ነበር፤ ሻጩ ግን «አይሆንም» ብሎ መልሶታል። ስሙ አይታወቅም። ስልኩን የያዘለት የለም። መልኩን ያየ ገዢ እስካሁን አልተገኘም። ዋጋ የሚቆርጠው ግን እሱ ነው። ይህ ጥናት «የትናንቱ ሰውዬ» እያለ የሚጠራው ይህንኑ ግለሰብ ሲሆን፣ ዋና ዓላማው መኖሪያው የት እንደሆነ ማፈላለግ፣ ንዑስ ዓላማው ደግሞ በሰፈር ዕድር ምርጫ ላይ ያለውን ድርሻ መመርመር ነው።

የጥናቱ ወሰን በዕቃ በኩል ከሶማሌ ተራ የመኪና መለዋወጫ እስከ ምናለሽ ተራ ቁርጥራጭ ብረት፣ ደላሎች ከሚውሉበት ካፌ በረንዳ እስከ ጎረቤት ሳሎን ይደርሳል። በምርጫ በኩል የአንድ ዕድር ጠቅላላ ጉባኤ ብቻ ተወስዷል። የዕድሩ ስም አይጠቀስም፤ አጥኚው ገና መቀበር አለበትና። አገር አቀፍ ምርጫ ከወሰኑ ውጭ ነው። ምክንያቱ ለአንባቢ ግልጽ ስለሆነ ወረቀት አይባክንበትም።

በዘርፉ ቀደም ብለው የተሠሩ ጥናቶች አሉ። አሜሪካዊው የምጣኔ ሀብት ምሁር ጆርጅ አከርሎፍ በ1970 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ ያገለገለ መኪና ገበያን ፈትቶ አሳይቷል። ሻጭ የመኪናውን ገመና ያውቃል፤ ገዢ አያውቅም። ገዢው ስለሚፈራ ዋጋ ይሰብራል። ደህና መኪና ያለው ሰው «በዚህ ዋጋስ አልሸጥም» ብሎ ይወጣል፤ ገበያው ላይ የሚቀረው ውዳቂው ይሆናል። ሰውየው በ2001 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት የተካፈለው በዚህ ሥራው ነው። አጥኚው ለአከርሎፍ ያለው አክብሮት እንደተጠበቀ ሆኖ፣ ሐሳቡ እኛ ዘንድ ሲደርስ እኩሌታው ብቻ እንደሚሠራ ለመጠቆም ይገደዳል። ሻጭ ያውቃል፣ ገዢ አያውቅም፤ እስከዚህ ልክ ነው። ከዚያ በኋላ ግን ዋጋ አይሰበርም። የኛ ገዢ የሚፈራው መኪናው እንዳይበላሽበት ሳይሆን በሚመጣው ሳምንት ጭራሽ እንዳያጣው ነው። ስለዚህ በፈራ ቁጥር ይጨምራል።

እርግጥ ፍርሃቱ ያለ ምክንያት አይደለም። በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ወደ አገር በሚገቡ ያገለገሉ መኪኖች ላይ እንደ ዕድሜያቸውና እንደ ሞተራቸው ጉልበት እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጣለ። ጥር 2016 ላይ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ከነጭራሹ እንዳይገቡ መወሰኑ ተሰማ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀና 57 ብር ግድም የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት መቶን አለፈ። ይህ ሁሉ ሲሆን እዚሁ ግቢ ውስጥ ጎማዋ ተንፍሶ የቆመች ኮሮላ አንድ ስንዝር አልተንቀሳቀሰችም፤ ባለቤቷ ግን እያንዳንዱን ዜና በሰማ ቁጥር ወጣ ብሎ አቧራዋን እየጠረገ ዋጋዋን ከፍ አድርጓል። ዶላር ሲወጣ አብሮ የሚወጣው ዋጋ፣ ዶላር ረጋ ሲባል «እኔ እኮ የገዛሁት በውድ ጊዜ ነው» ተብሎ ባለበት ይቆማል። በርካሽ ጊዜ የገዛው በበኩሉ «ይቺን ሸጬ ይቺኑ መልሼ መግዛት አልችልም» ይላል። ታዲያ ለምን ትሸጣለህ ተብሎ ሲጠየቅ በአዘኔታ ከማየት ሌላ መልስ የሰጠ አልተገኘም።

የቮልስዋገኗ ነገር ደግሞ ለብቻው መጽሐፍ ይወጣዋል። የመጨረሻዋ ባለ አሮጌው ቅርጽ ቮልስ ሜክሲኮ ውስጥ ፑዌብላ ከሚገኘው ፋብሪካ የወጣችው በ2003 እ.ኤ.አ. ነው። ሠሪዎቿ ከተዋት ከሃያ ዓመት በላይ ሆኗል፤ የአዲስ አበባ ባለቤቶቿ ግን ይህን ውሳኔ ገና አላጸደቁትም።

የአንዲት ዲኤክስ ኮሮላን ሽያጭ ቀረብ ብሎ ማየት ይጠቅማል። ገዢው መካኒክ ይዞ መጥቷል። መካኒኩ ኮፈኑን ከፈተ፤ ሞተሩ እየሠራ የዘይት መሙያውን ክዳን ነቅሎ መዳፉን አስጠጋ፤ ጭሱ እጁን ሲያሞቀው ለገዢው ብቻ በሚታይ አኳኋን ቅንድቡን ነቀነቀ። በጣቱ አንጓ በሩን ከላይ አንኳኳ፤ ላሜራ ነው። ዝቅ ብሎ አንኳኳ፤ ስቱኮ ነው። አስፋልቱ ላይ ተንጋሎ ከሥር ገባና ሲወጣ የሸሚዙ ትከሻ በዘይት ርሶ ነበር። ደላላው ግን ፊቱ እንኳ አልተለወጠም። «ወንድሜ፣ ይቺ የሐኪም መኪና ነበረች። ከቤት ሆስፒታል፣ ከሆስፒታል ቤት ብቻ ነው የነዳት» አለ። ሊብሬው ሲገለጥ የሐኪሙ ስም አልተገኘበትም። ሐኪሙ ለትናንቱ ሰውዬ የሥጋ ዘመድ ሳይሆን እንደማይቀር በዚህ ጊዜ ተጠርጥሯል።

እዚህ ላይ የውጭው ንድፈ ሐሳብ ዋጋው ይወርዳል ብሎ ይጠብቃል። የሆነው ሌላ ነው። ሻጩ ተራውን ያዘና መቁጠር ጀመረ። ፍሪሲዮኑ ባለፈው ወር ተቀይሯል። ባትሪው አዲስ ነው። ራዲያተሩ ሁለት ጊዜ ተበይዷል። ካምቢዮው ወርዶ ተሠርቷል። አንድ የተበላሸ ነገር ሁሉ አንድ የወጣ ወጪ ነው፤ የወጣ ወጪ ሁሉ ደግሞ ዋጋው ላይ ይደመራል። በዚህ ስሌት እንከን ወጥቶባት የማታውቅ መኪና የረባ ዋጋ አታወጣም ማለት ነው፤ ባለቤቷ የሚደምረው ነገር የለውማ። ገዢው ዋጋ ሲያቃምስ ሻጩ ተነፈሰና «ትናንት አንድ ሰውዬ ከዚህ በላይ ሰጥቶኝ እምቢ ብዬዋለሁ» አለ። መካኒኩ ወደ ሰማይ አየ። ገዢው ግን ወደ ሻጩ ቀረብ አለ።

በቤት ዕቃም ያው ነው፤ ዝርዝሩ ብዙ አያስኬድም። በሩ በጎማ ገመድ ታስሮ የሚዘጋ ፍሪጅ «የድሮ ዕቃ ነው፣ የአሁኑ ፕላስቲክ ነው» ተብሎ ከአዲሱ እኩል ይጠየቅበታል። ሶፋው ላይ ልጆች አድገዋል፤ የልጆቹ ማደግ በዋጋው ውስጥ ገብቷል። ዳንኤል ካኔማን፣ ጃክ ኔችና ሪቻርድ ቴለር በ1990 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት ተማሪዎችን ለሁለት ከፍለው ለግማሾቹ የቡና ኩባያ ሰጡና ሽጡ አሏቸው። ባለ ኩባያዎቹ የጠየቁት ዋጋ ኩባያ የሌላቸው እንከፍላለን ካሉት እጥፍ ግድም ሆኖ ተገኘ። እንግዲህ ኩባያውን ከያዙት ገና አፍታ መሆኑ ነው። ክርስትናና ሠርግ ያስተናገደ የሳሎን ወንበር በዚህ ሒሳብ ሲታሰብ ሻጮቻችን እንዲያውም ለጋስ ሳይባሉ አይቀሩም።

ወደ ዕድሩ እንለፍ። ጉባኤው የተጠራው እሑድ ጠዋት ነው፤ ለቀሪ ቅጣት ስላለ ምልዓተ ጉባኤው ሞልቷል። ከመግባታቸው በፊት አባላት በር ላይ ሁለት ሦስት ሆነው ይንሾካሾካሉ። «ይህን ሁሉ ዓመት ተቀመጠ፤ ሒሳብ የሚባል ነገር ሲነበብ ሰምተን እናውቃለን?» ይላሉ አንዱ ጋሼ። ጎረቤታቸው ራሳቸውን በኀዘን ይነቀንቃሉ። ታዲያ የዕድሩ ዳኛ ይውረዱ ለምን አይሉም ተብለው ሲጠየቁ የሁለቱም መልስ አንድ ነው፤ «እኔማ ደስታዬ ነበር። ሰዉ ነው እንጂ የሚፈልገው።» አጥኚው ወደሚቀጥለው ቡድን አለፈ። እዚያም የዳኛው ነገር በቃን ተብሏል፤ እዚያም ሰዉ ይፈልጋቸዋል። ከሰዉ መካከል አንዱን እንኳ ለማግኘት ግቢው በሙሉ ተዞረ። አልተገኘም።

ውስጥ አስመራጮች ተሰየሙ። ዳኛው ተነሥተው ስኳሩም ግፊቱም እንደጠናባቸው፣ ቦታውን ለልጆች መልቀቅ እንደሚፈልጉ ተናገሩ። (ሻጭ ሁሉ «ለመሸጥ እንኳ አላሰብኩም ነበር» ብሎ እንደሚጀምር ልብ ይሏል።) አንድ በሒሳብ ሥራ የሚተዳደር ወጣት ተጠቆመ። ጎበዝ ልጅ እንደሆነ፣ አባቱም ደግ ሰው እንደነበሩ ተመሰከረለት፤ ነገር ግን አልተሞከረም። ይህችን ቃል አጥኚው በመኪና ገበያም በተደጋጋሚ ሰምቷታል። አዲሷ የኤሌክትሪክ መኪና አልተሞከረችም፤ ባትሪዋ ቢሞትስ? የኮሮላ ሕመም ግን የታወቀ ነው፤ ዕቃዋም ሶማሌ ተራ ሞልቷል። የዳኛውም ሕመም የታወቀ ነው። ከዓመታት በፊት ከሣጥኑ ገንዘብ መጉደሉ ሲነሣ አንድ ሽማግሌ «ያንን ያሳለፉ ናቸው፤ ልምድ አላቸው» ብለው ዘጉት። የተበየደ ራዲያተር ማለት ነው።

ከወደ መሀል አንዲት እናት «ኧረ አባቴ፣ እኛ በእርስዎ ለምደናል፤ ይቀጥሉልን!» አሉ። አንድ ሰው አጨበጨበ። ሌሎቹ ማን እንዳጨበጨበ ለማየት ዞሩ፤ ሲዞሩ ጎናቸው ያለው ማጨብጨብ ጀምሮ ስለነበር እነሱም አጨበጨቡ። «ተቃዋሚ?» ዝም። «ድምፅ ተአቅቦ?» ከኋላ አንድ እጅ ወጣ፤ መጸዳጃ ቤቱ በየት በኩል እንደሆነ ለመጠየቅ መሆኑ ተጣርቶ ወረደ።

ሲበተኑ የተሰማው ምሬት የጥናቱ ትልቁ ግኝት ነው። ያጨበጨቡት በሙሉ፣ ባጨበጨቡት ተናደዋል። «ይህ ሕዝብ እኮ አይማርም» ይላሉ በር ላይ ያገኘናቸው ጋሼ፤ መዳፋቸው ገና እንደቀላ ነው። ቲሙር ኩራን በ1995 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ሰዎች በልባቸው የሚፈልጉትን ደብቀው ሌላው ይፈልገዋል ያሉትን በአደባባይ ሲደግፉ፣ ማንም የማይወደው ነገር ለዘመናት ሊዘልቅ እንደሚችል አስረድቷል። አንተኒ ዳውንስ ደግሞ ቀደም ብሎ በ1957 እ.ኤ.አ. መራጭ ስለሚመርጠው ነገር ለመመርመር የማይደክመው አንድ ድምፁ ብቻዋን ለውጥ እንደማታመጣ ስለሚያውቅ ነው ብሏል። በእርግጥም ለመኪናው መካኒክ ይዞ የመጣ፣ ከሥሯ እንዲገባላት የከፈለ ሰው፣ ለዕድሩ ዳኛ ክዳን ከፍቶ መዳፉን አላስጠጋም። ልዩነቱ ግን ያን ያህል ትልቅ እንዳልሆነ ማስረጃው ያሳያል። መካኒክ ያመጣውም መካኒኩን አልሰማም፤ የሰማው የትናንቱን ሰውዬ ነው።

በአጥኚው እምነት ሻጩ ሌባ አይደለም። «ትናንት አንድ ሰውዬ» ሲል ብዙውን ጊዜ እየዋሸ እንኳ አይደለም፤ በሆነ ቀን፣ በሆነ ካፌ፣ አንድ ሰው ስለ አንዲት ኮሮላ አንድ ቁጥር ጠርቶ ይሆናል፤ ቁጥሩ ከዚያ ወዲህ ከአፍ አፍ እየዞረ ቤቱ ደርሶ ይሆናል። መራጩም እንዲሁ ነው። ስለዚህ በሁለቱም ገበያ ዋጋ የሚቆርጠው ያልመጣው ሰው ነው፤ የመጡት ይከፍላሉ። መኖሪያውን በተመለከተ የተገኘው ማስረጃ ሁሉ የሚያመለክተው ከጠያቂው ቀጥሎ ወዳለው ቤት ነው። ቤቱ ሲንኳኳ ባለቤቱ ወጥተው ወደሚቀጥለው ቤት ይጠቁማሉ።

የጉባኤው የመጨረሻ አጀንዳ አሮጌውን ድንኳን መሸጥ ነበር። ሸራው ሁለት ቦታ ተጠግኗል፤ ጣራው ዝናብ ያሳልፋል፤ ምሰሶዎቹ ግን ደህና ናቸው። ዋጋ ይቅረብ ሲባል አንድ አባል ተነሥተው የጥገናውን ወጪ አሰሉ፤ ሌላው ድንኳኑ ስንት ለቅሶ እንዳየ አስታወሱ፤ ሦስተኛው የአሁኑ ሸራ ስስ ነው አሉ። የቀረበው ዋጋ አዲስ ድንኳን ከሚሸጥበት ትንሽ ከፍ ስላለ ጉባኤው ለአፍታ አመነታ። ይህን ጊዜ ዳኛው ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ ባለፈው ሳምንት አንድ የሌላ ሰፈር ሰውዬ መጥቶ ከዚህም በላይ እንደሰጣቸው፣ እሳቸው ግን አባላትን ሳያማክሩ መሸጥ አልወድም ብለው እንደመለሱት ገለጹ። ጭብጨባ ሆነ። ቃለ ጉባኤው ላይ ዋጋው በሙሉ ድምፅ መጽደቁ ተመዝግቧል። ይህ ጥናት እስከተጠናቀቀበት ጊዜ ድረስ ድንኳኑ ዕቃ ቤት ነው፤ ዝናብ ሲሆን ሐዘንተኛ የሚቀመጠው ከጎረቤት ዕድር በኪራይ በሚመጣ ሸራ ሥር ነው።