የልጆች መዝናኛ አመራረጥ፦ ከአርብ ገበያ ሲታይ

ለሕፃናት የመዝናኛ ፓርክ ሲመረጥ ቀዳሚው መመዘኛ ርቀት ነው። ከታች ጋይንት ወረዳ ዋና ከተማ ከአርብ ገበያ ለሚነሣ ቤተሰብ ይህ መመዘኛ ምርጫውን ገና ሳይጀመር ያገባድደዋል። ስመ ጥሮቹ ያሉት አዲስ አበባ ነው፦ በመስከረም 2012 ዓ.ም. በታላቁ ቤተ መንግሥት ግቢ የተመረቀው አንድነት ፓርክ፣ በዓመቱ የተከተለው እንጦጦ ፓርክ፣ እንዲሁም ቦራ የመዝናኛ ፓርክ።

በአንድነት ፓርክ ጥቁር ጋማ ያላቸው አንበሶችና የአፄ ምኒልክ የግብር አዳራሽ ይጎበኛሉ። አዳራሹ ለአባት ነው፤ የአራት ዓመት ልጅ ስለ ግብሩ የሚያነሣው ብቸኛ ጥያቄ ሽንት ቤቱ የት እንደሆነ ነው። እንጦጦ በበኩሉ ከፍታና ንጹሕ አየር ያቀርባል። ከጉና ተራራ ግርጌ ያለችውን ነፋስ መውጫን አቋርጦ ለመጣ መንገደኛ ግን ብርድ ብርቅ አይደለም።

ፈጣን መጫወቻዎች የቁመት ልክ አላቸው። ልጁ ከምልክቱ ካነሰ አባት ይሳፈራል፣ ልጅ ቆሞ ያጨበጭባል።

ወደ አዲስ አበባ ለመሄድ የባሕር ዳሩን መንገድ የመረጠ ደግሞ የዓባይን በረሃ ጠመዝማዛ ቁልቁለት በአውቶቡሱ ትኬት ያገኘዋል። የቁመት ልክ የለውም፤ ፌስታል ግን ከቤት ይያዛል።

የቅርቡ አማራጭ አርብ ገበያ ስሟን ያገኘችበት ገበያ ነው። አህያ በነፃ ይታያል፤ መግቢያ አይጠየቅም፤ ልጁን ይዞ ለመውጣት ግን ለሸንኮራ ሻጯ መክፈል ግድ ነው።