ይድረስ ለክቡር የመድረክ መሪ፣ ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ እኛ በላስታ፣ በኩልመስክና በዙሪያዋ ያለን፣ ከመናገር አምሮት በስተቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። በደብዳቤው ራስ ላይ ስምዎን ያልጻፍኩት ረስቼው አይደለም፤ አንድ ሰው አለመሆንዎን ስለማውቅ ነው። አንዳንዴ ከወረዳ፣ አንዳንዴ ከዞን ይላካሉ፤ ከላሊበላ ይመጣሉ፣ ወይም ከወልድያ በድልብ በኩል። መልክዎ ይለዋወጣል። ንግግርዎ፣ ማይክሮፎንዎና ከፊትዎ የሚደረደረው የታሸገ ውኃ ግን ያው ነው። ተከዜ የሚነሣበት አገር መጥተው ውኃ ከከተማ ይዘው መምጣትዎን እንኳ በክፉ አላየነውም። የምጽፍልዎ ስለ ሌላ ነገር ነው፤ የሕዝብ ስብሰባ በሚባለው ቦታ ሕዝብ ስለሚናገርበት ሁኔታ።

ሥርዓቱን ከእርስዎ በላይ የሚያውቀው ባይኖርም ላስታውስዎ። ለ3 ሰዓት የተጠራው ስብሰባ 5 ሰዓት ላይ ይከፈታል። የመክፈቻ ንግግር ይደረጋል፣ ሪፖርት ይቀርባል፣ ሪፖርቱ ይብራራል፣ ከጎንዎ የተቀመጡት ደግሞ ማብራሪያውን ያጠናክሩታል። ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ «ጊዜ ስለተጣበበ ከቤቱ ሦስት ሰው ብቻ» ይባላል። መጀመሪያ ዕድል የሚሰጠው ለሞዴል አርሶ አደሩ ነው፤ ከመድረኩ የተለየ ሐሳብ እንደሌለው ተናግሮ፣ አመስግኖ ይቀመጣል። ሁለተኛው የፊተኛውን ሐሳብ ይጋራል። ሦስተኛው ተሳስቶ ጥያቄ ካነሣ «ጥያቄው ተገቢ ነው፣ በሂደት ይመለሳል» ይባላል፤ ጥያቄው ጠንከር ካለ ደግሞ «ከአጀንዳ ውጪ ነው»። ከዚያ የአቋም መግለጫው ይነበባል። የውይይቱ ውጤት ነው ይሉታል፤ ነገር ግን ተተይቦ፣ ታትሞ፣ ነጥቦቹ ተቆጥረው የመጣው ስብሰባው ከመጀመሩ በፊት ነው። ላስታ ባሕታዊና ትንቢት የሚያውቅ አገር ነው፤ ሕዝብ ከሰዓት በኋላ የሚያስበውን ጠዋት አትሞ የሚመጣ መሥሪያ ቤት ግን ለእኛም አዲስ ነው።

ከሁሉ የሚደንቀኝ ቃለ ጉባኤው ነው። «ሰፊ ውይይት ከተደረገበት በኋላ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ» ይላል፤ ከሥሩ ክብ ማኅተም አለ። ከኋላው የተሰብሳቢዎች ስም ዝርዝር ይያያዛል፤ መፈረም የማይችሉት በስማቸው ትይዩ አውራ ጣታቸውን በሰማያዊ ቀለም አትመዋል። ያ ወረቀት ጠዋት በር ላይ ሲዞር የመጣውን ከቀረው ለመለየት ነበር። ማታ ፋይል ውስጥ ሲገባ የተስማማውን መመስከሪያ ሆኗል። አንዲት አሮጊት «መጥቻለሁ» ብለው ያተሙት ጣት «ተስማምቻለሁ» ተብሎ ይነበባል። ቅሬታዬ ሁሉ ከዚህች አንዲት ወረቀት አያልፍም፤ መገኘታችን እንደ መስማማታችን ተቆጥሮብናል።

በሕግ በኩል ያን ያህል አላስቸግርዎም። ከነሐሴ 15 ቀን 1987 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 29 ሐሳብን የመግለጽ መብትን ይደነግጋል። በሕግ የተማሩ የመድረክ መሪ ከሆኑ ግን «ለመናገር መብት አላችሁ፣ እኔን የመስማት ግዴታ ውስጥ የሚከተኝ ግን የለም» ሊሉኝ ይችላሉ። ይህን ክርክር አልንቀውም፤ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1984 በሚኒሶታ ኮሌጆች ጉዳይ ላይ የወሰነው ከዚህ ብዙ አይርቅም። የእኛ ሕገ መንግሥት ግን እዚህ ላይ ከአሜሪካኖቹ ይቀድማል። አንቀጽ 43 ዜጎች ማኅበረሰባቸውን በሚነካ ፖሊሲና ፕሮጀክት ላይ ሐሳባቸውን እንዲሰጡ የመጠየቅ መብት አላቸው ይላል። ልብ ይበሉ፤ ካሻቸው ይናገሩ አላለም፣ ይጠየቁ ነው ያለው። አንቀጽ 50 ደግሞ ሕዝብ በቀጥታ እንዲሳተፍበት ለታችኛው የአስተዳደር እርከን በቂ ሥልጣን እንዲሰጥ ያዝዛል። ስለዚህ ማይክሮፎኑን ሲሰጡን ቸርነት እየዋሉልን አይደለም፤ ሥራዎን እየሠሩ ነው።

«ዕድሉን ብሰጥም እጅ የሚያወጣ የለም» ይላሉ፤ እውነትዎን ነው። ግን ለምን እንደሆነ ጠይቀው ያውቃሉ? ሴፍቲኔት የሚባለውን የእርዳታ ፕሮግራም እንውሰድ። በ1997 የተጀመረ ነው፤ በመመሪያው የተረጂዎች ስም በይፋ ተለጥፎ፣ በሕዝብ ፊት ቀርቦ፣ የሚቃወም እንዲቃወም፣ ቅር የተሰኘም ለቀበሌው ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ አቤት እንዲል ነው የታሰበው። በወረቀት ላይ እንዲህ ያለ ለድሃ የቆመ ሥርዓት ጥቂት ነው። አሁን አንዲት ባል የሞተባት ሴት ከዝርዝሩ ስሟ ቀርቶ፣ በሬ ጠምዶ የሚያርስ ጎረቤቷ ሲገባ ሰማች እንበል። እጇን ብታወጣ የምትናገረው በማን ፊት ነው? ዝርዝሩን ባዘጋጀው ሰው ፊት ነው። ማዳበሪያ የሚያድለው እሱ፣ የመሬት ደብተሯ ላይ ችግር ሲነሣ የሚያጣራው እሱ፣ ለልጇ የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፈው እሱ፣ ቅሬታ ሰሚው ኮሚቴ ውስጥ የተቀመጠውም የእሱ አበልጅ ሊሆን ይችላል። ይህች ሴት ዝም ብትል ፈሪ አይደለችም፣ ሒሳብ ታውቃለች። ዝም አይነቅዝም የሚለውን ተረት ያወረሷት ወላጆቿም ያለ ምክንያት አልተረቱትም። በ1989 በምሥራቅ ጎጃምና በሌሎችም የክልሉ ቦታዎች መሬት ሲሸጋሸግ «ቢሮክራት»፣ ማለትም የቀድሞ ሥርዓት ሹም፣ የሚል ስም የተለጠፈበት ገበሬ ከአራት ጥማድ በላይ እንዳይዝ ተደርጓል። ያ ስም የሚለጠፈው በሩቅ ፍርድ ቤት አልነበረም፤ እዚያው በሰፈሩ ነበር። ሰሚ ያጡት ገበሬዎችም አቤቱታቸውን ተሸክመው አዲስ አበባ ድረስ ሄደዋል። እንግዲህ ስም ማውጣት የሚችል መድረክ ፊት እጅ አለመውጣቱ አይግረምዎ።

ሌላው የምሰማው ክስ ገበሬ ወሬ ያበዛል፣ ሥርዓት አያውቅም የሚል ነው። ይህን የሚለው ሰው «በላ ልበልሃ» ሲባል ሰምቶ አያውቅም ማለት ነው። በዛፍ ጥላ ሥር፣ ያለ ማይክሮፎንና ያለ ውሎ አበል፣ ከሳሽና ተከሳሽ ተራ ጠብቀው፣ ዋስ ጠርተው፣ በቅኔ እየተወጋጉ የሚሟገቱበት ሥርዓት ያወጣው ይኸው ገበሬ ነው። ወንጀል ሲደበቅ ደግሞ አገር ተሰብስቦ አውጫጭኝ ይቀመጥ ነበር፤ የቀረ ይቀጣል፣ የመጣም ያወቀውን ሳይናገር አይሰናበትም። አውጫጭኝን አላሞግስም፣ የግዴታ ጉባኤ ነበርና። ግን ንጽጽሩን ይዩልኝ። ያኔ ያልተናገረ ቤቱ አይገባም ነበር፤ በእርስዎ ስብሰባ ግን ቤቱ ገብቶ እንቅልፍ የሚያጣው የተናገረው ነው። የጊዜውን ነገር ካነሡ ደግሞ ለአንድ ተናጋሪ ሦስት ደቂቃ ይበቃል ብዬ እስማማለሁ፤ ሰዓቱ ለመድረኩም ይያዝለት እንጂ።

አለመስማት ምን እንደሚያስከፍል ወሎ ለማንም ማስረዳት አያስፈልጋትም ብዬ ነበር፣ ግን ልሞክር። አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው መጽሐፍ የ1965ን የወሎ ረሃብ መርምሮ ያገኘው ነገር ለእርስዎ ሥራ በጣም ይጠቅማል። በዚያ ዓመት የአገሪቱ የእህል ምርት በጠቅላላው ያን ያህል አልወደቀም፣ የደሴ ገበያ ዋጋም እንደሚጠበቀው አልናረም፤ የተሟጠጠው የገበሬው የመግዛት አቅም ነበር። የገበያ ዋጋ አይቶ «ምንም የለም» ያለ ሹም እንግዲህ ከቁጥሩ አንጻር ውሸታም አልነበረም ማለት ነው። ችግሩን የሚያውቀው ጎተራውን የጠረገው ሰው ብቻ ነበር፣ እሱን ደግሞ የጠየቀው የለም። ነገሩ ለዓለም የታየው በእንግሊዛዊው ጋዜጠኛ በጆናታን ዲምብልቢ ፊልም ነው። ያው ፊልም መስከረም 1 ቀን 1967 በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ታየ፣ በማግስቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ። ከወሎ ገጠር አዲስ አበባ ለመግባት በለንደን በኩል መዞር ያስፈለገው ቃል ሲደርስ የሚያመጣው ይህንን ነው። ቅርቡን ካሻዎ ደግሞ ላሊበላ አለች። በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ ለጊዜው ተብለው በ2000 ገደማ ከአብያተ ክርስቲያናቱ በላይ የተተከሉት የብረት መጠለያዎች አደጋ እንዳይጥሉ የሠጋው ሕዝብ በ2011 አደባባይ ወጣ። በዚያው ዓመት መጋቢት የፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ማክሮን መጥተው አዩአቸው፣ ድጋፍም ቃል ገቡ። ሕዝቡ የተናገረው ከአጀንዳ ውጪ አልነበረም ማለት ነው።

«ለመናገርማ የመረጣችኋቸው ምክር ቤት አሉላችሁ» ቢሉኝ፣ ክቡር ሆይ፣ መቼ? የአካባቢ ምርጫ ያየነው ሚያዝያ 2005 ነው፣ ዘመኑም አምስት ዓመት ነበር፤ በ2010 ሊደረግ የነበረው እንደተራዘመ አለ። በምርጫው ሰሞን የተወለደ ሕፃን ዛሬ ከብት ያግዳል። ወኪል ቢዘገይ ባለቤቱ ራሱ ይናገራል፣ ሌላ ምን ያድርግ?

የጸጥታው ጉዳይ ይቀራል፤ በእሱ አልቀልድም። ክልሉ ያለበትን ሁሉም ያውቃል፣ ከሐምሌ 2015 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ወዲህ ሰው መሰብሰቡም መናገሩም ከብዶት ኖሯል። ሹሙም ይፈራል፣ ገበሬውም ከሁለት ወገን ይፈራል። ነገር ግን አገሪቱ በ2014 በአዋጅ ያቋቋመችው የምክክር ኮሚሽን አለ፤ መነሻው የተጣላ ሰው ቁጭ ብሎ ካልተነጋገረ አይታረቅም የሚል ነው። ስለ ባንዲራና ስለ ታሪክ እንዲነጋገር የተጋበዘ ሕዝብ፣ የሴፍቲኔት ዝርዝሩ ላይ ሲደርስ ጊዜ የለም ከተባለ፣ ምክክሩን የት ሊለማመደው ነው?

የምለምነው ብዙ አይደለም። አዲስ አዋጅ አልጠይቅም፣ በጀትም አያስፈልገውም። በሚቀጥለው ስብሰባ የተቃወመ ሰው ካለ «በሙሉ ድምፅ» የሚለው ይሰረዝና ሰውየው ያለው ነገር ከነምክንያቱ በቃለ ጉባኤው ይግባ። የመገኛ ፊርማ ለብቻ፣ የስምምነት ፊርማ ለብቻ ይሁን። ከዚያ ለተከታዩ ስብሰባ ስንመጣ፣ ከመክፈቻ ንግግርዎ በፊት፣ ያለፈው ቃለ ጉባኤ በሕዝቡ ፊት ጮክ ብሎ ይነበብልን፤ ያላልነው ከተጻፈ «አላልንም» እንድንል። የአቋም መግለጫውንም ባዶ ወረቀት አድርገው ቢያመጡልን እኛው እንሞላዋለን።

ከአክብሮት ጋር፣
ስሙ በተሰብሳቢዎች ዝርዝር ላይ ያለ ነዋሪ

ግልባጭ፦
ለቃለ ጉባኤ ጸሐፊው፣ እስክሪብቶውን ከመክፈቻ ንግግሩ በኋላም እንዳይከድነው