ሳይጠሩት አቤት

ዕድሜዬን የፈጀሁት በኦዲተርነት ነው። ሰው መጋዘን ገብቶ ቆጠራ ሲያደርግ ምን እንደሚመስል ማንም አይነግረኝም። አቧራ አለ፤ መሰላል አለ፤ ሞዴል 19 እና ሞዴል 22 እየተገላበጠ ገቢው ከወጪው ይመሳከራል፤ የንብረት ክፍሉ ኃላፊ ፊቱ ይጠቁራል፤ ቁልፍ ጠፋ ይባላል፤ ቁልፉ ሲገኝ ደግሞ ኃላፊው ይታመማል። እንዲህ ተጨቃጭቀን «ጉድለቱ ይህን ያህል ነው» ብለን ለመፈረም ሳምንታት ይፈጅብን ነበር። ይኸው ዛሬ በስተርጅና፣ ላፕቶፔን ከፍቼ ዜና ላነብ ስል፣ አንድ የማላውቀው መስኮት ዘሎ ይወጣና በአራት ሴኮንድ ውስጥ «ኮምፒውተርዎ ላይ 1347 ችግሮች ተገኝተዋል» ይለኛል። አራት ሴኮንድ! እኛ በአራት ሴኮንድ እስክሪብቶ ከኪሳችን አናወጣም ነበር።

ለመሆኑ ማን ጠራው? ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት የሚባለው እንዲህ ያለው ነው። ደግሞ አመጣጡ! ገጹ በሙሉ ደም ይለብሳል፤ እንደ አምቡላንስ ይጮኻል፤ አንዲት ሴት በእንግሊዝኛ «ኮምፒውተሩን እንዳታጠፋ» እያለች ታስጠነቅቃለች፤ ከሥር አረንጓዴ መስመር እየተሳበ 40፣ 70፣ 97 በመቶ ይላል። 97 ላይ ትንሽ ቆም ይላል፤ ያስብ ይመስል። ከዚያ «አሁኑኑ አጽዳ» የምትል ትልቅ ቁልፍ ትመጣለች። እኔ ጥግ ላይ ያለችውን ኤክስ ልጫን ስል የልጅ ልጄ ከኋላዬ «አባባ፣ እሷን እንዳይነኳት! እሷም ሥዕል ናት» አለኝ። መዝጊያው ራሱ መክፈቻ ነው ማለት ነው! በእኛ ዘመን ሌባ ቢያንስ በሩን በር አድርጎ ይተወው ነበር። ልጁ ኮንትሮል፣ ሺፍት እና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጭኖ ታስክ ማናጀር የሚሉትን ከፈተና ብሮውዘሩን ከነኮተቱ ዘጋው። ሴትዮዋም ዓረፍተ ነገሯን ሳትጨርስ ጸጥ አለች።

እኔ ግን ኦዲተር ነኝ፤ ጸጥ ስላለች ፋይሉን አልዘጋም። «ምናልባት እውነቷን ቢሆንስ?» አልኩት። ልጁ ምንም አልመለሰልኝም፤ ያንኑ ገጽ በእጅ ስልኩ ላይ ከፈተና ሰጠኝ። መነጽሬን አድርጌ አየሁት። ስልኩም ተመርምሮ «በሲ ድራይቭ ውስጥ ያለው ዊንዶውስዎ ተበክሏል» ተባለ። ስልኩ ውስጥ ዊንዶውስ የለም። ሲ ድራይቭ የሚባል ነገርም የለውም። የችግሮቹ ብዛት ግን እዚያም 1347 ነው፤ አንድ አልጨመረም፣ አንድ አልቀነሰም። ለካ የድረ ገጽ መስኮት ብሮውዘሩ ውስጥ ተቆልፎበት የሚኖር ነው፤ ሰተት ብሎ ፋይሎቼን የሚያገላብጥበት ፈቃድ የለውም። ያየሁት ሁሉ ፊልም ነው። መጋዘኑን ከውጭ እንኳን ሳያይ የቆጠራ ሪፖርት የሚያቀርብ ኦዲተር ቢኖር እኛ በማግስቱ ከሥራ ነበር የምናባርረው። እሱ ግን ክፈለኝ ይላል።

ይኸ የትናንት ነገር እንዳይመስላችሁ። ከሃያ ዓመት በፊት ዊንፊክሰር፣ ድራይቭክሊነር፣ ኤክስፒ አንቲቫይረስ የሚባሉ እንዲህ ያሉ ፕሮግራሞች ነበሩ። ከጀርባቸው የነበረው ኢኖቬቲቭ ማርኬቲንግ የሚባል፣ ምዝገባው ቤሊዝ፣ ቢሮው ኪየቭ የሆነ ድርጅት ነበር። የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በፈረንጆቹ 2008 ሲከሳቸው ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው ተታሏል ብሎ ነው። ከዘዴያቸው ሁሉ እኔን ያስደነቀኝ አንድ ነው፦ ማስታወቂያውን ለሚያሰራጩት ድርጅቶች ንጹሕ የሆነ ማስታወቂያ ይታያቸዋል፤ ለተራው ሰው ግን በዚያው ቦታ ማስፈራሪያው ይመጣል። ሁለት መዝገብ መያዝ ይኸ ነው! አንዱ ለመርማሪ፣ አንዱ ለጌታው። እኛ በወረቀት ስንይዘው የኖርነውን እነሱ በኮምፒውተር ሠሩት። በ2012 ፍርድ ቤቱ ከኃላፊዎቹ አንዷን ከ163 ሚሊዮን ዶላር በላይ እንድትከፍል ፈረደባት። ተከፈለ ወይ ብላችሁ እኔን አትጠይቁኝ፤ ፍርድና ገንዘብ የሚገናኙበትን ቀን በሥራ ዘመኔም ብዙ አላየሁም።

«አባባ፣ እነዚህ እኮ ወሮበሎች ናቸው፤ ታዋቂ ድርጅት ግን እንዲህ አያደርግም» ይለኛል ልጁ። ወይ የዋህነት! ኦፊስ ዲፖ የአሜሪካ ትልቅ የቢሮ ዕቃ ሻጭ ነው፤ አድራሻ ያለው፣ ባለ ሱቅ። ኮምፒውተሩን ይዞ ለሚመጣ ሰው በነጻ እንመርምርልህ ይሉት ነበር። ምርመራው ከመጀመሩ በፊት አራት ጥያቄ አለ፦ ይዘገይብሃል ወይ? ይቆምብሃል ወይ? የቫይረስ ማስጠንቀቂያ ደርሶሃል ወይ? መስኮት እየዘለለ ያስቸግርሃል ወይ? ከአራቱ አንዷ ላይ ምልክት ከተደረገ ፕሮግራሙ የተንኮል ፕሮግራም ምልክት አግኝቻለሁ ብሎ ሪፖርት ያወጣል። ማሽኑ ጤነኛም ይሁን በሽተኛ ለውጥ የለውም። ከዚያ የመቶዎች ዶላር ጥገና ይሸጣል። በ2019 ኦፊስ ዲፖ 25 ሚሊዮን፣ ፕሮግራሙን ያቀረበለት ሰፖርት ዶት ኮም ደግሞ 10 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማሙ። ግኝቱ ከምርመራው በፊት ተጽፎ ያለቀ ኦዲት! እኛስ ቢያንስ ሻይ ጠጥተን ነበር የምንጽፈው።

በ2024ም መቀመጫቸው ቆጵሮስ የሆነ ሬስቶሮ እና ሪኢሜጅ የሚባሉ ሁለት ድርጅቶች 26 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምተዋል። የማይክሮሶፍትን ማስጠንቀቂያ የሚመስል መስኮት ያወጡ ነበር፤ ፕሮግራሙን ገዝቶ ስልክ የደወለውን ደግሞ «ባለሙያ» ተቀብሎ ሌላ ጥገና ይሸጥለት ነበር። የማይክሮሶፍት እውነተኛ ማስጠንቀቂያ የስልክ ቁጥር ኖሮት አያውቅም፤ ይህን ራሱ ኩባንያው ይናገራል። ስለዚህ ስልክ ቁጥር ካያችሁ ሌላ ማስረጃ አያስፈልግም፤ ፋይሉ ይዘጋ።

ደህናው አጽጂስ? ሲክሊነር የሚባለው ዓለም ያመነው ፕሮግራም ነበር፤ የልጅ ልጄም ይምልበት ነበር። በ2017 ሰርጎ ገቦች ከራሱ ከኩባንያው ቤት ገብተው በ5.33 እትም ውስጥ የተንኮል ኮድ ቀበሩበት፤ 2.27 ሚሊዮን ኮምፒውተር ላይም ተጫነ። ሰው ከትክክለኛው ቦታ፣ ትክክለኛውን ፕሮግራም፣ በትክክለኛ ፊርማ አውርዶ ቆሻሻ ተሸከመ። ይኸ እኔን ከዊንፊክሰር ይልቅ ያስጨንቀኛል። ደግሞ ምን ሊያጸዳ? ረጅስትሪ የሚባለውን የዊንዶውስ የቅንብር መዝገብ እናጸዳለን ይላሉ። ማይክሮሶፍት ራሱ ረጅስትሪ የሚያጸዱ ፕሮግራሞችን አልደግፍም ብሏል። ባለቤቱ አትንኩብኝ ያለውን ቤት እንጥረግልህ ማለት ምን የሚሉት ደግነት ነው?

እኛ እዚህ አዲስ አበባ ያለን ጡረተኞች አንድ መከላከያ አለን። መስኮቱ 39 ዶላር ከ95 ሳንቲም ክፈል ሲለኝ ከት ብዬ ሳቅሁ። ዶላር? ከየት አምጥቼ? የውጭ ምንዛሪ እጥረት በዕድሜዬ ለአንድ ጊዜ ጠቀመኝ! አሜሪካ ልጆቻቸው ጋ የሄዱት እኩዮቼ ናቸው የሚያሳዝኑኝ፤ ካርዳቸው ኪሳቸው ውስጥ ነው፤ ብቻቸውን ቤት ይውላሉ፤ ስልክ ያነሳ ሰው ሁሉ ደግሞ ዘመድ ይመስላቸዋል።

የእኛ አገር ጣጣ በሌላ በኩል ይመጣል። አንዱ ጋ ፍላሽ ትሰካለህ፤ ፎልደርህ ሁሉ ሾርትከት ሆኖ ይመለሳል። ኮምፒውተር ቤት ትሄዳለህ፤ እዚያ የሚሠራው ልጅ ቀና ብሎ ሳያይህ «ፎርማት ይደረግ» ይልሃል። ድምፅ የለውም ስትለው ፎርማት፣ ቀስ ይላል ስትለው ፎርማት። ከዚያ ክራክ የተደረገ ዊንዶውስ ይጭንልሃል፤ ክራኩ እንዲሠራም አንቲቫይረሱን ያጠፋዋል፤ በላዩ ላይ ደግሞ ያልጠየቅኸውን ሦስት አራት ክሊነር በምርቃት ይጨምርልሃል። ዘበኛውን አሰናብቶ መጥረጊያ መስጠት! ከዊንዶውስ 8 ወዲህ መከላከያው ከማሽኑ ጋር አብሮ ይመጣል፤ ዲፌንደር ይባላል፤ ዋጋ አይጠይቅም፤ አይጮኽም። የማይጮኽ ሆኖ ነው መሰለኝ ማንም የማያምነው። የልጅ ልጄ ሌላውን ሁሉ አጥፍቶ እሱን ብቻ ተወልኝ፤ ካሰናበታቸው ክሊነሮች አንዱ እየወጣ እንኳን «በእርግጥ ልታጠፋኝ ነው?» ብሎ ሦስት ጊዜ ጠየቀው።

ከዚያ ደግሞ ጥቅምት ላይ ሌላ መስኮት መጣ። ሰፊ፣ ሰማያዊ፣ ቋንቋው ጨዋ። የዊንዶውስ 10 ድጋፍ በእኛ አቆጣጠር ጥቅምት 4 ቀን 2018 ያበቃል፣ ይኸ ኮምፒውተር ለዊንዶውስ 11 አይመጥንም ይላል። እኔ ወዲያው ታስክ ማናጀሩን ልከፍት እጄን ሰነዘርኩ። ልጁ ያዘኝና «አባባ፣ ይኸኛው እውነት ነው» አለ። እንዴት አወቅህ አልኩት። መስኮቱን ሳይነካ በራሱ መንገድ ሴቲንግስ ገብቶ፣ ዊንዶውስ አፕዴት የሚለውን ከፍቶ ያንኑ ቃል አሳየኝ። ይኸን ወደድኩለት፤ ማስረጃ ከሌላ ምንጭ ማመሳከር ይባላል፣ ሥራችን ነው። ግን ላፕቶፑ ምን ጎደለው? ቲፒኤም የሚሉት ነገር በሚፈለገው ደረጃ የለውም አሉ። ይበራል፤ ይጽፋል፤ ዜና ያነባል፤ ሳል እንኳን የለበትም። ልጁ አዲስ እንግዛ ይላል። በየትኛው የጡረታ አበል? ደግሞስ አይመጥንም ብሎ የመረመረው ማነው? አዲሱን ዊንዶውስ የሚሸጠው አይደለም እንዴ!