መሬትም ታረፍዳለች

ዲላ ውስጥ «ስንት ሰዓት እንገናኝ?» ብሎ ጠይቆ በአንድ መልስ የሚረካ ሰው የለም። «ሁለት» ሲሉት «በሐበሻ ነው በፈረንጅ?» ይላል። ለጥንቃቄ የሚጠይቅ እንዳይመስላችሁ፤ ነገ የሚመዘውን ሰበብ ከወዲሁ እያስቀመጠ ነው። ለጠዋቱ ስብሰባ ስምንት ሰዓት ላይ ደርሶ «በፈረንጅ መስሎኝ!» ለማለት።

ኳስ ላይ ግን ማንም መስሎት አያውቅም። ለንደን ላይ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ 3 ሰዓት የሚጀመር ጨዋታ፣ በነሱ ክረምት እኛ ጋ ምሽት 12 ሰዓት፣ በነሱ በጋ 11 ሰዓት ነው። እነሱ መጋቢትና ጥቅምት ላይ ሰዓታቸውን ወዲያ ወዲህ ይጎትታሉ፤ እኛ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ 12 ሰዓት ግድም ስለምትወጣልን አንነካካውም። የልጁን የክትባት ቀን የሚረሳ አባወራ ይህን ስሌት በእንቅልፍ ልቡ ይሠራዋል።

ስልካችን ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። ስድስት መቀነስ የሰለቸው ሰዓቱን በእጁ ወደ ኋላ ይመልስና «ሰዓትህን አስተካክል» እየተባለ ሲጨቀጨቅ ይውላል። ብልጡ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ግን ስልኩን በቦነስ አይረስ ሰዓት ይሞላዋል። አርጀንቲና ከእኛ ልክ ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ ስለሆነች ቁጭ የሐበሻ ሰዓት ያሳየዋል። ልጁ ዲላ፣ ስልኩ ሜሲ አገር!

ባለፈው ቡና ላይ የጎረቤቴ ልጅ፣ ገና አምስተኛ ክፍል ነው፣ አስተማረን። «እትዬ፣ ሁሉም አገር የሚቆጥርበት አንድ የዓለም ሰዓት አለ። በየአገሩ ካሉ በመቶ የሚቆጠሩ የአቶም ሰዓቶች ተሰልቶ ነው የሚወጣው። እኛ 3 ሰዓት እንደምርበታለን፣ ቦነስ አይረስ 3 ትቀንሳለች። መሬት ስትዞር ግን ትንሽ ትጎተታለች። እሷን ለመጠበቅ እ.ኤ.አ. ከ1972 እስከ 2016 ድረስ 27 ሰከንድ ተጨምሯል።»

ከትምህርቱ ሁሉ ጆሯችን የያዘው የመጨረሻውን ብቻ ነው። በሳምንቱ እድር ላይ ተንጠባጥበን ደርሰን መቀጫ ስንጠየቅ «መሬትም ታረፍዳለች!» አልን በአንድ አፍ።

ገንዘብ ያዡ ከመዝገባቸው ቀና እንኳ ሳይሉ «እሷ 27 ሰከንድ ለማርፈድ 44 ዓመት ፈጅቶባታል» አሉ። «እናንተ ከአጥር ማዶ ለመምጣት አንድ ሰዓት ተኩል። ክፈሉ!»