«አብሽር፣ ማን ያያል?» ለምትሉ

ወሎ ውስጥ፣ ሐይቅም ውጫሌም፣ የፖሊስ ወይም የመከላከያ ምዝገባ ማስታወቂያ ሲለጠፍ መካሪ ይበዛል። ከመካሪው ሁሉ የሚከፋው ደግሞ ከአረቄ ቤት የሚወጣው ነው። ለእሱ ምላሽ አለኝ።

«አንድ ሌሊት ጣቢያ ማደር እስር ነው እንዴ? አትጻፈው፣ አብሽር!»

ቆልፈውብህ ካደርክ እስር ነው! ቅጹ «ታስረህ ታውቃለህ?» ካለህ የጠየቀህ መታሰርህን እንጂ ጥፋተኛነትህን አይደለም። ያልተፈረደበት ሰው እንደ ጥፋተኛ እንዳይቆጠር የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 20 ላይ ደንግጓል። መታሰርህን መጻፍ ወንጀለኛ አያደርግህም። «አልታሰርኩም» ብለህ ስትፈርም ግን ትናንት ያልነበረብህን ጥፋት ዛሬ በገዛ እጅህ ሠራህ።

«የቀበሌው ሰው የእኛው ነው፤ የድጋፍ ደብዳቤውን ያሳምርልሃል።»

ጸቤ እዚህ ላይ ነው! ማስታወቂያው «ከማንኛውም ሱስ ነጻ የሆነ» ይላል። ማታ ማታ ተመዝጋቢው ልጅ ሰክሮ ግድግዳ ተደግፎ ሲገባ የሚያይ ሰው፣ ጠዋት ክብ ማኅተሙን ቀለም አስነክቶ «በመልካም ሥነ ምግባሩ የታወቀ» የሚለው ላይ እንዴት ይመታል? ያ ልጅ ነገ ክላሽ አንግቶ ሌሊት ዘብ ይቆማል። አጠገቡ የሚተኛው ጓደኛው ነው፤ በሩ ላይ የሚያልፈው የእኔና የአንተ ልጅ ነው። ይሉኝታ ያተመው ደብዳቤ ሰው ሊያስገድል ይችላል።

«ማጣራት ምናምን የፈረንጅ አመል ነው።»

ሐይቅ ላይ ተቀምጠህ እንዲህ ትላለህ? የሐይቅ እስጢፋኖስ አበምኔት «ዐቃቤ ሰዓት» ተብሎ ይሾም ነበር፤ ንጉሡ ዘንድ ማን ይግባ፣ መቼ ይግባ የሚለው በእሱ እጅ ነበር። እዚያው አምባሰል፣ ግሸን አምባ ላይ፣ የነጋሢ ዘሮች በዘብ ይጠበቁ ነበር። የዚያ አምባ ዘበኛ ቢሰክር ወይም ምስጢር ቢያሾልክ የሚናጋው ዙፋን ነው። ለበር ሰው መምረጥን ከፈረንጅ አልተማርነውም።

«ቨርጂኒያ ያለው ዘመዳችንስ? ጠጥቶ ሲነዳ ተይዞ ነበር፤ ጠበቃው ግን መዝገቡን አሰርዞለታል።»

ይጻፈው! አሜሪካ ውስጥ የመንግሥት ምስጢር ያለበት ሥራ የሚይዝ ዜጋ ስታንዳርድ ፎርም 86 የሚባል ረጅም ቅጽ ይሞላል። ቅጹ ያለፉትን 7 ዓመታት እስር ይጠይቃል፤ ከመጠጥ ጋር የተያያዘ ክስ ሲሆን ግን የዓመት ገደብ የለውም። ክሱ ቢዘጋም፣ መዝገቡ ቢሰረዝም ጻፍ ይላል። አውቆ መዋሸት እስከ 5 ዓመት ያሳስራል። ዘመዳችሁ ልብ ይበል፦ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2017 ጀምሮ የሚሠራበት መመሪያ ችግሩን አምኖ የታከመን፣ መጠጡን ትቶ ወይም ቀንሶ የቆየን ሰው ይህን ይቆጥርለታል። ደብቆ የነበረ እንኳ ሳይደረስበት ቶሎ ቢያርም ይታይለታል። አንዴ ሰክሮ መያዙ ብቻውን በሩን ላይዘጋበት ይችላል፤ የሚያጠፋው ሲዋሽ መገኘቱ ነው።

«ወረቀት ላይ ቢቀር ማን ይጎዳል?»

በመስከረም 2013 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ዋሽንግተን በሚገኘው የባሕር ኃይል ግቢ አሮን አሌክሲስ የሚባል ሰው 12 ሰዎችን ገደለ። ይህ ሰው በ2004 የመኪና ጎማ በጥይት መትቶ ሲያትል ውስጥ ታስሮ ነበር፤ ቅጹ ላይ ግን አልጻፈውም። መርማሪዎች እስሩን ደረሱበት። ይሁንና ሪፖርቱ ሲጻፍ የጥይቱ ነገር ቀረና ጎማው ተነፈሰ ብቻ ተባለ። ምስጢር የመያዝ ፈቃዱንም ሰጡት። እሱ ደበቀ፣ ጸሐፊው አለሳለሰ። የቀበሌያችን ደብዳቤ ጸሐፊዎች ይህን ሁለተኛውን ሰው አስቡት።

«እና የሚጠጣ ሁሉ ሥራ አይግባ?»

ማን አለ? በሠርግ፣ በማኅበር አንድ ጣሳ ጠላ የቀመሰውን አላልኩም። የምለው ጠዋት ካልቀመሰ እጁ የሚርደውን፣ ደሞዙ አረቄ ቤት የሚቀረውን ነው። ይህ በሽታ ነው፤ ይታከማል። ለዓመታት አብዝቶ የጠጣ ሰው ግን በአንድ ሌሊት በጉልበቱ ላቁም ቢል ሊያንዘፈዝፈው፣ ሕይወቱንም ሊያሰጋው ይችላልና ሐኪም ይይ። ከሐይቅ ደሴ ሩቅ አይደለም። እናት «ስማችን ይጠፋል» ብላ ልጇን ቤት ከምትደብቅ እጁን ይዛ ሆስፒታል ትውሰደው።

አንተ ወንድሜ፣ የዘንድሮው ምዝገባ ቢያልፍህ የከርሞ አለ፤ ዘንድሮ ታከም። ቅጹ ሲመጣ የታሰርክበትን ቀን፣ ጣቢያውን፣ ምክንያቱንና እንዴት እንደተፈታህ ጻፍ። ማኅተም የያዛችሁ ሰዎችም ያላያችሁትን አትመስክሩ፤ ያያችሁትንም አትደብቁ።