የፊልም በዓል ባሕረ ሐሳብ

በአዲስ አበባ ከተማችን የፊልም በዓል በቀረበ ቁጥር ከበዓሉ ቀድሞ የሚደርሰው ወረቀቱ ነው፤ ይኸውም በሚያብለጨልጭ ወፍራም ወረቀት ታትሞና ተጣጥፎ በየቡና ቤቱ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠው መርሐ ግብር ሲሆን፣ እኔም እንደ ማንኛውም የዚህ ከተማ ሰው አንዱን ለራሴ አንሥቼ፣ ሁለተኛውን «ለወዳጅ» በሚል ሰበብ ኪሴ ከትቼ፣ እቤቴ ስገባ መነጽሬን ወልውዬ፣ ቀይ እስክሪብቶ ይዤ እቀመጣለሁ። በዚያ ወረቀት ላይ ከተጻፈው ሁሉ ግን የአገሮቹ ስም፣ የአዘጋጆቹ ፎቶግራፍ፣ የክቡራን መልእክትም ቢሆን ከአእምሮዬ በቶሎ ሲጠፋ፣ አልወጣ ብሎ የተሰነቀረብኝ ከአንድ ፊልም ስም ጎን በደቃቅ ፊደል የታተመው «6:00» የሚለው ቁጥር ነው። ወደዚህ ቁጥር እመለሳለሁ፤ አስቀድሜ ግን ስለ ምርጫው ነገር ጥቂት ልበል።

በደኅናው ዘመን ፊልም መምረጥ የሚባል ጣጣ አልነበረብንም። እሑድ ምሳ ተበልቶ፣ ቡናው ሦስተኛው ከተጠጣ በኋላ፣ ሰው ወደ ሲኒማ ኢትዮጵያ ወይም ወደ አምባሳደር ይወርዳል፤ ቤቱ ያን ዕለት የሰጠውን ያያል፤ ያየውንም ሳምንቱን ሙሉ በመሥሪያ ቤት ያወራል። መርካቶ ሲኒማ ራስ የሚዘልቀውም ቢሆን፣ የህንዱ ልጅ እናቱን በመጨረሻ እንደሚያገኛት አስቀድሞ ስለሚያውቅ፣ የሚገባው ለመምረጥ ሳይሆን ለማልቀስ ነበር። ከእኛ በፊት ለነበሩት ደግሞ ነገሩ ከዚህም የቀለለ ነበር፤ በምኒልክ ዘመን የተከፈተውን የመጀመሪያውን ሲኒማ ቤት ሕዝቡ «ሰይጣን ቤት» ብሎ ስለ ሰየመው፣ ጥያቄው መግባት ወይም አለመግባት ብቻ ሆኖ፣ የገባው ንስሐ አባቱን ይሸሻል፣ ያልገባው ከገባው በጆሮው ይሰማል።

ዛሬ ግን በዓል መጣ፤ ምርጫም መጣ። ለምርጫው እንዲረዳን ከየፊልሙ ሥር ሦስት መስመር ማብራሪያ ይጻፋል፤ ማብራሪያውን የሚጽፈው ሰው ማን እንደ ሆነ ባላውቅም፣ ፊልሞቹን ሁሉ በአንድ ሌሊት አይቶ በአንድ ትንፋሽ እንደ ጻፈው እጠረጥራለሁ። ሁልጊዜ አንዲት ወጣት አለች፤ ይህች ወጣት ከተሰወረ የቤተሰብ ምሥጢር ጋር ትገናኛለች፤ ከዚያም «ሕይወቷን እስከ ወዲያኛው የሚለውጥ» ጉዞ ትጀምራለች። የፖላንዷም ትጓዛለች፣ የቱኒዚያዋም ትጓዛለች፣ የአየርላንዷም በዝናብ ውስጥ ትጓዛለች። ስለዚህ አስተዋይ የሆነ ተመልካች ማብራሪያውን ትቶ በአገር ስም ይመርጣል፤ እናንተም እንዲሁ እንደምታደርጉ አውቃለሁና አትካዱ። የፈረንሳይ ከሆነ ሰዎች ማዕድ ከበው ይበላሉ፣ እየበሉም ይጣላሉ፤ የስዊድን ከሆነ አይበሉም፣ አይጣሉም፣ ዝም ይላሉ፤ የኢራን ከሆነ አንድ ሕፃን አንድ ነገር ይጠፋበትና እኛም ከእሱ ጋር ስንፈልግ እናመሻለን። የጀርመን ከሆነ ግን ርዝመቱን አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል።

እኔም በዚህ ጥበብ እየተመራሁ የማልሻቸውን ሁሉ በቀይ ሰርዤ ሁለት ብቻ ቀሩኝ። ሁለቱም በአንድ ቀን፣ በአንድ ሰዓት፣ አንዱ ፒያሳ አንዱ ቦሌ ሆነው ተገኙ፤ በአንድ እሑድ ሁለት ሠርግ የተጠራ ሰው የሚሆነውን ሆንኩ፤ የቀረሁበት ወገን እስከ ክርስትናው ድረስ እንደማይረሳልኝ እያሰብኩ ወረቀቱን ሳገላብጥ ነው እንግዲህ ያ «6:00» ያፈጠጠብኝ። ስድስት ሰዓት በማን? በእኛ ከሆነ ቀትር ነው፤ በፈረንጅ ከሆነ ፀሐይ የምትገባበት አሥራ ሁለት ሰዓት ነው። ከሥሩ ያለው «8:00» ደግሞ ይባስ ብሎ በእኛም ቢቆጠር ከምሳ በኋላ ደኅና ሰዓት፣ በፈረንጅም ቢቆጠር ከምሽቱ ሁለት፣ ያም ደኅና ሰዓት ስለሆነ፣ ከሁለቱ አንዱን አስቂኝ ነው ብሎ መጣል እንኳ አይቻልም። ቀኑም በኖቬምበር እንጂ በኅዳር አልተጻፈም። ሊቃውንቱም እንደሚሉት ዕለት የሚገባው በዋዜማው በሠርክ ነውና፣ የዓርብ ማታ ፊልም የዓርብ ነው ወይስ የቅዳሜ አጥቢያ የሚለውን ለጊዜው ልተወው።

ወረቀት የምታድለውን ልጅ ሄጄ ጠየቅኋት።

«የኔ ልጅ፣ ይህ ስድስት ሰዓት በሐበሻ ነው በፈረንጅ?»

ወረቀቱን ተቀብላ በሁለት እጇ ይዛ አየችው፤ ገለበጠችው፤ መልሳ አየችው።

«ጋሼ፣ እንደ አዳራሹ ነው።»

«እንዴት እንደ አዳራሹ?»

«አንዳንዱ አዳራሽ በእነሱ ነው የሚያሳየው፣ አንዳንዱ ደግሞ በእኛ። እርስዎ ግን ቀደም ብለው ቢመጡ ይሻላል።»

ምን ያህል ቀደም ብዬ? ስድስት ሰዓት ያህል?

በዚህ ጊዜ ነው ልቤ ወደ አባቶች የሄደው። የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት ድሜጥሮስ እንደ ደረሰው የሚነገርለትን ባሕረ ሐሳብን የተማረ አንድ የገጠር ደብተራ፣ ኤሌክትሪክ በሌለበት መንደር፣ ግድግዳ ሥር ፀሐይ እየሞቀ፣ ገና ያልተወለዱ ሰዎች የሚጾሙትን ጾም ቀኑን ቆርጦ ይነግርሃል። ለአብነት 2016 ዓ.ም.ን እንውሰድ። 5500 ሲጨመርበት ዓመተ ዓለሙ 7516 ይሆናል፤ ለ19 ሲካፈል 11 ይተርፋል፤ ከተረፈው አንዱ ሲታተት ወንበሩ 10 ነው። ወንበሩ በ11 ተባዝቶ በሠላሳ ሲገደፍ አበቅቴው 20፤ በ19 ተባዝቶ እንዲሁ ሲገደፍ መጥቅዑ 10፤ አበቅቴና መጥቅዕ ተደምረው ሠላሳ ስለ ሆኑ ቁጥሩ እንዳልተሳሳተ እዚያው ይታወቃል፤ ይህ እንግዲህ ማንም ፈታኝ ሳይመጣ ራሱን በራሱ የሚፈትን ሒሳብ ነው። መጥቅዑ ከ14 ስለሚያንስ በዓለ መጥቅዕ ጥቅምት 10 ዋለ፤ ዕለቱ ቅዳሜ ነበርና የቅዳሜ ተውሳክ 8 ተጨምሮበት መባጃ ሐመሩ 18 ሆነ፤ ነነዌም የካቲት 18 ሰኞ ገባች፤ ከዚያም 69 ቀን ተቆጥሮ ትንሣኤ ሚያዝያ 27 ዋለ። አንባቢ ሆይ፣ ይህ ሁሉ ከፊልም ጋር ምን አገናኘው እንደምትል አይጠፋኝም፤ ግን እስቲ ጥቂት ታገሠኝ።

ሰዓቱንም ቢሆን አባቶች በቁጥር ብቻ አልተዉትም። ነግህ አለ፣ ሠለስት አለ፣ ቀትር አለ፣ ተሰዓት አለ፣ ሠርክ አለ፣ ንዋም አለ፣ መንፈቀ ሌሊት አለ፤ ሰባቱም የጸሎት ጊዜያት እንደየስማቸው ተለይተው የሚኖሩ ስለሆነ፣ ሠርክን ከቀትር ጋር የሚያደባልቅ ተማሪ ቅኔ ቤት ይቅርና ፊደል ቤትም አያሳድሩትም። መርሐ ግብሩ ላይ «በሠርክ፣ ፒያሳ» ተብሎ ቢታተም ምን ጎደለ? የፈረንጁም እንግዳ ቢሆን ጠይቆ ይረዳው ነበር፤ ደግሞም ከፊልሙ የበለጠ ሳይማርበት አይቀርም።

በዚህ ተመክቼ የራሴን ባሕረ ሐሳብ ለፊልሙ በዓል ለማውጣት ተነሣሁ። ለየአዳራሹ ተውሳክ ሰጠሁት፤ ፒያሳ በእግሬ የምደርስበት ስለሆነ 2፣ ቦሌ ግን የታክሲ ሰልፍ ስላለበት 8 ተመደበለት። አዘጋጁ በአካል የሚገኝ ከሆነ ንግግር አለና 3 ይጨመራል፤ አምባሳደር የሚገኝ ከሆነ ንግግሩ በሁለት ቋንቋ ነውና 6 ይጨመራል። የፊልሙ ርዝመት በሠላሳ በሠላሳ ደቂቃ ይገደፋል። ከሥሩ የሚነበበው ትርጉም በእንግሊዝኛ ብቻ ከሆነ፣ ዓይኔ ፊደሉን ሲከተል ፊቱ ስለሚያመልጠው፣ ከወንበሩ አንድ ይታተታል። ይህን ሁሉ አባዝቼና ገድፌ፣ በመጨረሻ ሒሳቡ እንድሄድበት የወሰነልኝ የመዝጊያው ሥነ ሥርዓት ሆኖ ተገኘ፤ በዚያም ዕለት የምስክር ወረቀት ከማደል በቀር የሚታይ ፊልም አልነበረም።

ያ «6:00» ሰዓት የተጻፈለት ፊልም የእኛ አገር ፊልም መሆኑን እስካሁን አልተናገርኩም። በእኛ አቆጣጠር ሆኖ ተገኘ፤ ማክሰኞ፣ ቀትር፣ በትንሹ አዳራሽ። የፈረንጆቹ ሁሉ ማታ ነበሩ፤ በትልቁ። እዚህ ላይ ቀልዱን ላቆመው። ቬኒስ በእነርሱ አቆጣጠር ከ1932፣ ካን ከ1946፣ ዋጋዱጉም ከ1969 ጀምሮ በዓል ሲያከብሩ፣ የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» በ2008 ቬኒስ ላይ የዳኞችን ልዩ ሽልማት፣ በዓመቱም ዋጋዱጉ ላይ ታላቁን የፈረስ ሐውልት ሲወስድ፣ የያሬድ ዘለቀ «ላምብ» በ2015 ካን ላይ በይፋ ተመርጦ ሲታይ፣ የሰው አገር ሰው የእኛን ፊልም የሚያየው ማታ፣ ልብሱን ለውጦ፣ ሻማ በበራበት ደረጃ ላይ ተሰልፎ ነው። እኛ አገር ግን በአማርኛ የተሠራውን፣ በገዛ ተራራችን ላይ የተነሣውን ፊልም እንድናይ የተፈቀደልን ሠራተኛ በሥራው ላይ፣ ተማሪ በክፍሉ ባለበት ሰዓት ነው። ፓሪስ የሚኖር ሰው የበዓሉ ፊልም ቢያመልጠው በወሩ አንዱ ሰፈር ሲኒማ ቤት ያገኘዋል፤ ለእኛ ግን የማክሰኞው ቀትር ካለፈ አለፈ፤ ሌላ ፈረንጅ ሌላ በዓል እስኪያዘጋጅልን መጠበቅ ነው። አዳራሹ ውስጥ ስገባ ያገኘሁት የፊልሙን ሠራተኞች፣ የሠራተኞቹን እናቶች፣ እንዲሁም ከፀሐይ የተሸሸገ አንድ ዘበኛ ነበር። ይህን እንኳ በሰዓት አቆጣጠር ማሳበብ አይቻልም፤ ማታውን ለማን፣ ቀትሩን ለማን እንደሚሰጥ ቁጭ ብሎ ያሰበ፣ አስቦም የወሰነ ሰው አለ፤ ያም ሰው ሐበሻ ሳይሆን አይቀርም።

መብራት የጠፋ ጊዜ ግን ጄነሬተሩን ለማስነሣት ሲሯሯጡ ያየኋቸውን፣ ደመወዝ የሌላቸውን እነዚያን ልጆች ምን ልበላቸው? ያችው ወረቀት አዳይ ልጅ በጨለማው ውስጥ በስልኳ መብራት እያሳየች «ጋሼ፣ ደረጃ አለ፣ ቀስ ይበሉ» ብላ ወንበር ድረስ ወሰደችኝ፤ ውኃም አምጥታ ሰጠችኝ። ቁጣዬን ለማን እንደማቀርብ እያጣሁ ተቀመጥኩ።

ፊልሙ መልካም ነበር። ከፊልሙ ቀጥሎ ግን ጥያቄና መልስ የሚባል አለ፤ ይህ ራሱን የቻለ ሌላ ወግ የሚያስጽፍ ነው። ድምፅ ማጉያው ገና ሲዞር የሚነሣውን ሰውዬ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ጥያቄ የለውም፣ አስተያየት ነው ያለው፤ አስተያየቱም ከአክሱም ይነሣል፣ በላሊበላ ያልፋል፣ በጎንደርም ጥቂት ካረፈ በኋላ ወደ ራሱ ወደ ተናጋሪው የሕይወት ታሪክ ይገባል። አዘጋጁ ወጣት፣ አገሩንም የሚያከብር ልጅ ስለሆነ፣ ቆሞ ራሱን እየነቀነቀ ይሰማል።

ከእኔ አጠገብ የተቀመጠው የቀድሞ የቅኔ ቤት ባልንጀራዬ በዚህ ሁሉ አልተነካም፤ እሱ መብራት ሲጠፋ ይተኛል፣ መብራት ሲበራ ይነቃል። በየፊልም በዓሉ ካለ እሱ አልሄድም፤ ምክንያቱም ወደ ቤት ስንመለስ ፊልሙን የሚተርክልኝ እሱ ነው። የእሱ ትረካ ከአዘጋጁ የተሻለ ነው ብል ሐሜት እንዳይሆንብኝ እፈራለሁ እንጂ፣ ከዚህ ቀደም አንድ የፊንላንድ ፊልም አይተን ስንመለስ በወንድማማቾች መካከል ስለ ተነሣ የርስት ክርክር፣ ስለ ተሰወረ ኑዛዜና ሞቶ ስለ ተነሣ አጎት አጫወተኝ፤ እኔ ግን ዓይኔን ሳልከድን ያየሁት አንድ ሽማግሌ ሐይቅ ዳር ቆሞ ዓሣ ሲጠብቅ ነው። ለባለቤቴ የተነገራት የእሱ ነው፤ ባለቤቴም ለጎረቤቶች አውርታዋለች፤ ይኸውና እትዬ ጎረቤታችን ያ አጎት ኋላ መሬቱን አስመለሰ ወይስ አላስመለሰም እያሉ በየጠዋቱ ይጠይቁኛል፤ እኔም እሱን ጠይቄ እንድነግራቸው ቃል ገብቻለሁ።